ሳሌሃ ያስቀመጠቻቸው ሽማግሌዎች

ሰኔ ፴ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.። ዛሬ ጡረታ ወጣሁ፤ በግብዣው ላይ ያደረግሁት ንግግር ይኸው።

ክቡር ዲሬክተራችን አቶ ሀብተወልድ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ክቡራትና ክቡራን፤ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ጡረታዬን ከሐዋርያት ጾም ጋር ያጋጠመው ማን እንደሆነ አላውቅም እንጂ ክትፎ ይገባኝ ነበር።

አላስረዝምም። ሐጂ ሰይዶ ከጁምዓ ሶላት መልስ ይጠብቁናል። ልጃቸውን ሳሌሃን ታውቋታላችሁ። ስምንተኛን አልፋለች፤ አባቷ ግን ትምህርቱ ይበቃታል፣ ሱቅ ትያዝልኝ ብለዋል።

እኔ ከወልቂጤ ተዛውሬ ወደዚህ ቡታጅራ ስመጣ የክፍል አለቃ የምመርጠው በቁመት ነበር። ለረጅሙ ልጅ አርጩሜ አስይዛለሁ፤ የረባሾችን ስም ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያላደረገ አለ?

የዛሬ አራት ዓመት፣ እነሳሌሃ አራተኛ ክፍል ሳሉ፣ አለቃው ደበሌ ታሞ ቀረ። ሳሌሃን ተክቼ ቢሮ ደርሼ ተመለስኩ። ሰሌዳው ባዶ ነው። የአንዱ ልጅ አፍንጫ ይደማል።

«የረበሸ የለም?»

«ነበረ፣ ጋሼ። ሁለቱ ተጣሉ፤ ሽማግሌ አስቀመጥን፤ ታረቁ።»

እውነትም ሦስት ልጆች ከፊት ተደርድረዋል። አንዱማ የእህቱን ነጠላ እንደ ጋቢ ተከናንቧል።

እኔ ስም ጻፊ ነው ያልኩሽ ብዬ አንበረከክኋት። ሦስቱ ተነሥተው አጠገቧ ተንበረከኩ።

«እናንተን ማን ጠራችሁ?»

«ዋስ ነን፣ ጋሼ» አለኝ ባለነጠላው።

ተነሡ አልኳቸው። ይቅርታ ግን አልጠየቅኋትም፤ መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አለቅነቱ በየሰኞው በተራ ሆነ፤ ለዓይን አፋሩም ደረሰው። ደበሌ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። አቶ ሀብተወልድ «ተረፈ፣ ክፍልህን ፍርድ ቤት አደረግኸው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ክፍሉ ይንጫጫ እንደነበር አልክድም። የሚናፍቀኝም ያ ጫጫታ ነው።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። አርጩሜ የሰጣችሁት ልጅ መምታት ይለምዳል። እናንተ የሚሸመግለው ጉዳይ ስጡት።

ትናንት እነደበሌ ቤቴ መጡ። ሳሌሃ ትምህርቷን ትቀጥል ብለው ሐጂ ሰይዶ ዘንድ ሽማግሌ ሊሄዱ ነው፤ እሺ እስኪሏቸው ላይቀመጡ ተማምለዋል። አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። እኔም ምን ልናገርላችሁ አልኳቸው።

«እርስዎማ ዝም ይላሉ» አለኝ ደበሌ። «የሚናገረውን መርጠናል።»

ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ። ያስተማራችኋቸው ይብለጧችሁ።

ይኸው ደበሌ በር ላይ ሆኖ በእጁ ይጠራኛል። እሺ፣ መጣሁ።