ከኢንተርኔት ስለጠፋው የሶፋ እድሳት ቤት

የምስክር መጠሪያ፦ በሠፈሩ «እትዬ ስፖንጅ»
ዕድሜ፦ 53
ሥራ፦ ሶፋ እድሳት
አድራሻ፦ ከአናጺዎቹ ግቢ ጀርባ፣ ሁለተኛው በር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ከታናሽ ወንድሜ ጋር የሶፋ እድሳት ቤት አለኝ። ወንድሜ ዛሬ ወደ ጣቢያ ያመጣኝ ከዓርብ ጀምሮ በታሰረው ድረ ገጽ ሠሪ ላይ እንድመሰክርለት ነው። ሰውየው ግን ምንም አላደረገም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ሰውየው ድረ ገጹን የሠራልን ከአራት ወር በፊት ነው። ሰው ስልኩ ላይ «ሶፋ እድሳት» ብሎ ሲፈልግ እንድንገኝ የምንሠራውንና ሠፈራችንን በግልጽ ጻፈ፤ አድራሻችንና ስልካችን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እንዲሆን አደረገ፤ የራሳችንን ሥራ ፎቶ እንጂ የሌላ ሰው እንዳንለጥፍ አስጠነቀቀን። «ቶሎ አይታይም፣ ታገሡ» ብሎናል። በሦስተኛው ወር ስልኩ ፋታ አሳጣን። የቀረን የደንበኞች አስተያየት ነበር፤ «ያሠራ ሰው ብቻ፣ በራሱ ቃል ይጻፍ» አለኝ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ከዛሬ ስምንት ቀን በፊት በዋለው እሁድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ወንድሜ ሥራ ሊያደርስ ወጥቶ ሳለ ዘመድ አዝማዱ ቤቴ ምሳ በልቶ ነበር። «ከመሄዳችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡ» አልኳቸው። ሠላሳ ሰባት ሰው በቤቴ ኢንተርኔት፣ እኔ ቃሉን እየነገርኩት፣ «ሶፋዬን አዲስ አደረገችው» ብሎ አምስት አምስት ኮከብ ሰጠኝ። አጎቴ ዕድሜ ልኩን ሶፋ ገዝቶ አያውቅም፤ እሱም ጻፈ። እኔም «ተባረኩ» አልኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ!

ሐሙስ ጠዋት ኢንተርኔት ላይ ብንፈለግ የለንም። ስልኩም ጭጭ አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው ነገሩ። ወንድሜ ድረ ገጽ ሠሪውን ጠርቶ «ለተፎካካሪ ሸጥከን!» እያለ ደጃፋችን ላይ በሰው ፊት ሰደበው። ሰውየው «የነካችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ፣ ላስተካክል» ብሎ ወደኔ ዞረ። «ምንም» አልኩ። ገጹ የታገደው ከአንድ ቤት በተጻፉ የሐሰት ምስጋናዎች ምክንያት መሆኑን የሚገልጽ የመፈለጊያው ድርጅት መልእክት ግን ከዚያ አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ ስልኬ ላይ አንብቤ ነበር። መልእክቱን ለመርማሪው አሳይቻለሁ። በማግስቱ ወንድሜ አቤቱታ አቀረበ፤ ሰውየው ታሰረ።

እስከ ዛሬ ለምን ዝም እንዳልኩ ስጠየቅ፣ ወንድሜ ያን ሁሉ የጮኸው ለኔ ተቆርቁሮ ስለሆነ በሰው ፊት ማሳፈሩ ከብዶኝ ነው ብዬ መልሻለሁ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አፍሬያለሁ።

የሰጠሁት ቃል እውነት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት እጠየቅበታለሁ። በጥያቄዬ ወንድሜ ከውጭ ተጠርቶ ቃሌ ፊቱ ተነቧል። አቤቱታውን ማንሳቱን ፈርሟል፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

የምስክር ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል