አልነሳም ያሉት ዳኛ

ደሴ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጡረተኛው የወረዳ ዳኛ ጋሽ ውብሸት ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አዳማ የምትኖረው ልጃቸው ስንዱ የላከቻት ነርስ፣ ሲስተር እናኑ፣ ፎርምና ሰዓት ይዛ ፊታቸው ቆማለች።

ጋሽ ውብሸት፦ አልነሳም አልኩሽ! አንድ ቃል ስንት ጊዜ ይነገራል?

ሲስተር እናኑ፦ አምስት ጊዜ ብቻ ነው ጋሼ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ብድግ፣ ቁጭ። እኔ ሰዓት እይዛለሁ።

ጋሽ ውብሸት፦ ነርስ ነሽ የስፖርት አስተማሪ?

ሲስተር እናኑ፦ ነርስ ነኝ። የእግር ድካም ቀድሞ የሚታወቀው በዚህ ነው። ካሁኑ ካልያዝነው፣ ዓመት ሳይሞላ መታጠቡም መልበሱም ያለ ሰው እንዳያቅትዎ እሰጋለሁ።

ጋሽ ውብሸት፦ ጥንቆላም ጀምረሻል? ሠላሳ ዓመት ስፈርድ፣ ገና ባልተሠራ ወንጀል ሰው አስሬ አላውቅም!

ሲስተር እናኑ፦ ማን አሰረዎት ደግሞ?

ጋሽ ውብሸት፦ ስንዱ ናታ! አንቺ «አይችልም» ብለሽ ስትጽፊላት፣ ቤቴን ቆልፋ አዳማ ልትወስደኝ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ውጪልኝ!

ሲስተር እናኑ፦ እወጣለሁ። ግን ስገባ ለምን «ኖር» ብለው አልተነሱልኝም?

ጋሽ ውብሸት፦ ላንቺ? ለልጅ እግር?

ሲስተር እናኑ፦ ለሕፃን እንኳ ብድግ ይሉ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያወራል።

ጋሽ ውብሸት፦ ትቻለሁ! የዘንድሮ ልጅ ክብር አይገባውም።

ሲስተር እናኑ፦ እሺ፣ የነፍስ አባትዎስ? ባለፈው እሑድ ገና ደጃፉን ሳያልፉ የስድብ መዓት አወረዱባቸው አሉ። ሰውዬው ቅር ብሏቸው ነው የተመለሱት።

ጋሽ ውብሸት፦ ይበላቸው!

ሲስተር እናኑ፦ ምን አጠፉ?

ጋሽ ውብሸት፦ ምን ያላጠፉት አለ!

ሲስተር እናኑ፦ ለተጣሉት ሰው አይነሱለትማ። ጉልበትዎ ሲከዳዎ ጠብ ጀመሩ። መጀመሪያ ጎረቤትዎን፣ ቀጥሎ ቄሱን፣ ዛሬ እኔን።

ጋሽ ውብሸት፦ አፍሽን ያዢ! ማስረጃሽን አምጪ!

ሲስተር እናኑ፦ ይነሱና ያሳፍሩኛ።

ጋሽ ውብሸት፦ አንቺ ክፉ ነሽ።

ሲስተር እናኑ፦ ልሁን።

ጋሽ ውብሸት፦ ለስንዱ ልትጽፊላት ነው?

ሲስተር እናኑ፦ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ለእርስዎ ብዬ አልዋሽም። ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት፣ ከፍ ያለ ወንበር፣ በቀን ሁለት ጊዜ የእግር ልምምድ፤ ይህም ይጻፋል። አዳማ ይሂዱ ብዬ ግን አልጽፍም።

ጋሽ ውብሸት፦ ምላስሽ ብቻ!

ሲስተር እናኑ፦ በሉ ደህና ይዋሉ።

ጋሽ ውብሸት፦ ወዴት ነው? በሩን ዝጊና ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሽንት ቤት አልሄድኩም።