በጄሪካን የተለካች መኪና

በእኛ ጊዜ ልጄ፣ መኪና ማለት ቆመሽ የምታሳልፊው ነገር ነበር። ያልፋል፣ አቧራሽን ታራግፊያለሽ፣ መንገድሽን ትቀጥያለሽ፣ በቃ። ማን ይመርጠዋል? ባቡር አለ፣ ጋሪ አለ፣ እግር አለ። አሁን አንቺ ከኢንዱስትሪ ፓርክ ወጥተሽ፣ ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ፣ ስልክሽን አፍንጫዬ ሥር ደቅነሽ "አባ ሙሜ፣ ይቺን ፒክአፕ እዩልኝ፣ ባሌ ለአባቱ መሬት ሊገዛት ነው" ትይኛለሽ። አየኋት። ታምራለች። ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ጎማዋ ሳይቀር ቅባት ተቀብቶ፣ ሙሽራ ነው የምትመስለው። ታዲያ ሃያቴ፣ የኔ ሕይወት፣ ፎቶ ላይማ እኔም አምራለሁ፣ የመታወቂያዬን ላሳይሽ? ሳቂ፣ ሳቂ። ቁጭ በይና የኔን ልንገርሽ፣ ከዚያ ለባልሽ ወስደሽ ንገሪው። አሮጊቴ ዘይነባ ጓዳ ናት፣ እየሰማች ነው፣ ከዋሸሁ ራሷ ትጮኻለች።

የጀልዴሳውን መሬት ታውቂዋለሽ አይደል? የአባቴን መሬት። ከአሸዋው ወንዝ ማዶ ነው፣ ውሃ የሚያየው ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ነው፣ ሌላው ጊዜ አሸዋ ነው። ግራሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቁርቁራው ጥቅጥቅ ያለ፣ እና በመሃሉ ያ ከውጭ የመጣው እሾሃም ዛፍ ገብቶ መሬቱን ውጦት ነበር። እኔና ዘይነባ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን ስንቆርጥ፣ ሥሩን ስንነቅል፣ እጃችን ወንፊት ሆነ። ታዲያ በነቀልነው ቦታ፣ በግራሮቹ ጥላ ሥር፣ ማንጎና ሎሚ ተከልን። ችግኝ ነው፣ ክንዴን አያህልም። እና የዚያን ዓመት ጎርፍ መጣና ጉድጓዳችንን በአሸዋ ደፈነው። ጎርፉ ሄደ፣ ዝናቡም አብሮት ሄደ፣ የሚመለሰው ገና ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሁለት ወር፣ በዚያ ፀሐይ! አንቺ ግማሽ ቀን ውሃ ሳትጠጪ ትውያለሽ? ችግኝም እንደዚያው ነው።

ውሃው ያለው ከወንዙ ወዲህ ነው፣ በበርሜል አሸዋውን ተሻግሮ መመላለስ ነው። የአህያ ጋሪ ሞከርን። አህያዋ አሸዋው መሃል ቆማ ዞራ አየችን፣ ወላሂ እንደ ሰው አየችን፣ "እናንተ ጤና አላችሁ?" ነው የምትለው። እና አንድ ቀን ዘይነባ ችግኞቹን በጣሳ እያጠጣች፣ አንድ በአንድ "ጠጪ እናቴ፣ ጠጪ" እያለች፣ ቀና ብላ፣ በልጃችን ስም ጠርታ፣ "አባ ኢክራም፣ መኪና ካልተገዛ እነዚህ ልጆች ዝናቡን አያዩትም" አለችኝ። ልጆች ነው ያለችው። እኔን እንደዚያ ብላኝ አታውቅም።

እንግዲህ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ ስሜን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አትጠይቂኝ። ሶላቴን ግን አልተውም። ነገር ሲከብደኝ ኢስቲኻራ እሰግዳለሁ፣ "ያ አላህ፣ የሚሻለውን አንተ ምረጥልኝ" እላለሁ። ሐሙስ ሰገድኩ። አርብ ጁምዓ ሰግጄ ከመስጊድ ስወጣ ምን ባይ ጥሩ ነው? በሩ ላይ ነጭ ፒክአፕ! ደብል ጋቢና፣ ከፍ ያለች፣ ለመሳፈር መሰላል የሚያስፈልጋት። አጠገቧ አንድ ደላላ ቆሟል፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ነው ሰላም የሚልሽ። "አባ! እርስዎን እኮ ነው የምትጠብቀው!" አለኝ። እኔም በልቤ፣ አለቀ፣ መልሱ መጣ አልኩ።

አሁን ልብ በይ። እኔ በጉብዝናዬ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ስንት ዓመት ከመኪና ሥር ተኝቻለሁ፣ ፊቴ ላይ ከጺሜ ቀድሞ የወጣው ግሪስ ነው። መኪና የሚታየው ከሥር እንደሆነ አውቃለሁ። ታዲያ ያን ቀን ለምን ከሥር አላየሁም? የጁምዓ ጀለቢያዬን ለብሼ ነበራ! ዘይነባ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ወተት አስመስላ የሰጠችኝን። እሱን ለብሼ መሬት ልንከባለል? ጎንበስ እንኳ አላልኩም። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ዞርኳት፣ እንደ ሹም።

ከዚያ ደላላው "ፀሐዩ እስኪበርድ ቤት እንግባ" አለ። የድሬን ከሰዓት ታውቂዋለሽ፣ ሱቁ ተዘግቶ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው። ዛሬ ሐኪሙ አስቁሞኛል፣ ያኔ ግን እቅም ነበር፣ አልደብቅሽም። ጫቱ ቀረበ፣ ሻዩ ቀረበ፣ ወዳጄ ዋርሳሜም መጣ። ዋርሳሜ ሱማሌ ነው፣ የግመል ደላላ፣ ዕድሜውን በሙሉ ግመል ገበያ የቆመ ሰው። ታዲያ ምርቃናው ሲመጣ፣ አቦ! ያቺ መኪና ያላደረገችው ምን አለ? በርሜሉን አመላለሰች፣ እሾሁን ጫነች፣ ችግኙ ማንጎ እዚያው ፍራሹ ላይ አፈራ፣ ጭነን ጅቡቲ ወስደን ሸጠን ተመለስን! ዋርሳሜ ብቻ ጉንጩን ወጥሮ ቅጠሉን ይመርጣል። በኋላ ነው፦

"ወሪያ፣ አንተ ሙመድ፣ ጭነሃታል?" ያለኝ።

"መኪና ናት እኮ፣ ግመል አይደለችም" አልኩት።

"እኔ ግመል ተንበርክካ አልገዛም። እጭናታለሁ፣ ተነሽ እላታለሁ፣ ጉልበቷን አያለሁ። ተጭና አሥር እርምጃ ካልሄደች እጄን አልሰጥም።"

ደላላው ይሄኔ ሞቅ ብሎታል፣ ደረቱን መታ። "ይጫናት! ጀልዴሳ ውሰዷት! በርሜል ሞልታችሁባት ከአሸዋው ካልወጣች፣ የተባባልነው ሁሉ ይፍረስ!" አለ። እና እጅ ለእጅ ተያያዝን፣ መዳፋችንን ዘርግተን ዱዓ አደረግን። ቃል ብቻ ቢሆን ይቅርታ ጠይቄ እመልሰው ነበር፣ ዱዓ የተደረገበትን ግን እኔ እንዴት ብዬ?

ቤት ገብቼ ለዘይነባ ነገርኳት፣ ቁመቷን፣ ንጣቷን፣ መስኮቷ በጣት ተነክቶ እንደሚወርድ። ሁሉንም ሰማችኝና፦

"ካሶኒዋ ምን ያህል ከፍ ይላል?" አለችኝ፤ የኋላውን መጫኛ ማለቷ ነው።

"ምን አስጨነቀሽ?"

"ውሃውን የማነሳው እኔ ነኝ።"

"ትለምጂዋለሽ" አልኳት።

(ከጓዳ፦ "ብለሃል! አዎ፣ ብለሃል!")

ይኸው፣ ሰማሽ? ብያለሁ።

ታዲያ ደላላው ለሙከራው ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ እያለ፣ አንድ ቀን ሠርግ አለብኝ፣ አንድ ቀን ለቅሶ አለብኝ እያለ፣ ሳምንት አለፈ። ዘይነባ "ሌላ እንይ" ስትለኝ "ዱዓ አድርጌ?" እላታለሁ። "አላህ መርጦልኝ?" እላታለሁ። እና በዚያ ሳምንት በመግቢያው በኩል ያሉት ሰባት ማንጎዎች ደረቁ። ሰባት። ዘይነባ ችግኞቹን ያሰረችበትን እንጨት አልነቀለችም፣ የደረቀውን ችግኝ ከነእንጨቱ እዚያው ተወችው፣ እኔ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እንዳየው።

በስምንተኛው ቀን ደላላው መጣ። ጠዋት ነው፣ ምርቃና የለም፣ ፊቱ እንደ ሎሚ ኮምጥጧል። ተሳፈርን፣ ዋርሳሜም አለ፣ ዘይነባም ጄሪካኗን ጭኗ ላይ አድርጋ አለች። መኪናዋ አሸዋውን ባዶዋን እንደ ነፋስ ተሻገረችው። "አልሃምዱሊላህ! አየህ ዋርሳሜ?" አልኩ። ዋርሳሜ "ገና ተንበርክካለች" አለኝ።

መሬቱ ውስጥ ገባን፣ ግራሮቹ መሃል። መኪናዋ ረጅም ናት፣ መዞሪያ አጣች። ቅርንጫፍ ጎኗን በነካ ቁጥር ደላላው "ቀለሙ! ቀለሙ!" እያለ ይጮኻል። በመጨረሻ መሪውን ለኔ ለቆ ወረደና በዚያ ሸሚዙ እሾሁን በእጁ እየያዘ ያሳልፈን ጀመር፣ እንደ ባለሥልጣን አጃቢ። "አንተ ልጅ፣ እዚህ ቦታ ልትሠራ ነው እኮ የመጣችው" ይለዋል ዋርሳሜ።

ከዚያ ወንዙን ወዲህ ተሻግረን ወደ ውሃው ሄድን። ዘይነባ ጄሪካኗን ሞላች፣ ማንም እንዳይነካት አለች፣ አነሳች። ሆዷ ድረስ አነሳች፣ ደረቷ ድረስ፣ ትከሻዋ ድረስ፣ ታዲያ የካሶኒው ጫፍ ገና እላይ ነው። ውሃው ክዳኑን ገፍቶ ከራሷ እስከ ጫማዋ! ቆመች፣ ሻሿን ጨመቀች፣ እና ቀስ ብላ፦

"አባ ኢክራም፣ ችግኝ ላጠጣ ነው ወይስ ጣሪያ ልጠግን?"

ደላላው "ማዘር፣ ምን ችግር አለ፣ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራሉ" አላት።

"የቀን ሠራተኛ የምቀጥር ከሆነማ ይሄን ሽማግሌ ምን ብዬ አበላዋለሁ?"

እኔና ዋርሳሜ በርሜሉን ሞላነው፣ ወገባችን እየጮኸ። ደላላው አስነሳ፣ አሸዋው ውስጥ ገባ፣ አሥር እርምጃ... አልሄደችም። አጓራች፣ አሸዋ በተነች፣ እና ሰመጠች፣ እስከ ሆዷ። "ፎር ዊሉን አስገባ!" አልኩት። ማንሻውን ይጎትታል፣ ምንም። ዋርሳሜ ሽርጡን ሰብስቦ ከሥር ገባና ድምፁ ብቻ መጣ፦

"ሙመድ! ና እስቲ፣ የፊቷን ዘንግ አሳየኝ!"

ገባሁ። ያን ቀን ጀለቢያ አልለበስኩም። ዘንጉ የለም። የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ተፈትቶ ተወስዷል፣ ማንሻው ብቻ ለጌጥ ቆሟል። እኔ፣ ስንት ዓመት ከመኪና ሥር የኖርኩ ሰው፣ ለአንድ ጀለቢያ ብዬ! እዚያው ተኝቼ ሳቄ መጣ፣ እና ከሳቁ ጋር እነዚያ ሰባት ችግኞች ትዝ አሉኝ፣ ሳቄም ቆመ።

ደላላው "ለከተማ ዘንጉ አያስፈልግም፣ ነዳጅ ይቆጥባል ብዬ ነው" አለ። ቀጥሎም "ለማንኛውም ዱዓ አድርገናል፣ አባ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አድርገናል።

ዋርሳሜ "ካልወጣች ይፍረስ ያልከውስ?" አለው።

"አቦ ተወኝ፣ ምርቃና ላይ የተባለ ነገር ይያዛል እንዴ?"

ይሄኔ ዘይነባ፣ ውሃው ከቀሚሷ ላይ እየተንጠባጠበ፣ "ዱዓውስ የት ሆኖ ነው የተደረገው? እዚያው ምርቃናው ላይ አልነበረም?" አለችው።

ደላላው አንዴ እኔን አየ፣ አንዴ መኪናዋን አየ፣ ከዚያ ራሱ ሳቀ፣ አላህ ይስጠው፣ ክፉ ልጅ አልነበረም። መዳፉን ዘረጋ፣ እኛም ዘረጋን፣ "አላህ ለሁላችንም የሚሻለውን ይስጠን" ብለን ፈታነው። መኪናዋን ማን አወጣት? ዋርሳሜ ከጎረቤት ግመል አመጣ! ከፓራውልቱ፣ ከመከላከያው ጋር በገመድ አሰራት፣ "ካላይ! ካላይ!" አላት፣ ነይ ማለቱ ነው፣ እና ጎትታ አወጣቻት፣ ዞር ብላም አላየቻት።

በማግስቱ ዘይነባ ጄሪካኗን ይዛ ቀፊራ ገበያ ገባች፣ እኔም ተከተልኳት። እዚያ ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች፣ ከእርሻዋ በራሷ ፒክአፕ የምታመላልስ፣ መኪናዋን ልትሸጥ እንደምትፈልግ ዘይነባ ድሮ ሰምታለች። ቀድማ ለምን አልነገረችኝም? ነግራኛለች፣ የኔ ልብ ነጯ ላይ ነበር። ታዲያ ገበያው መሃል ጄሪካኗን ሞልታ፣ አንስታ፣ ካሶኒው ላይ አሳረፈቻት፣ እንዲህ፣ ወገቧ ልክ። ከዚያ ወደኔ ዞራ "አሁን አንተ ከሥር ግባ" አለችኝ። ገባሁ፣ እዚያው የቲማቲሙ ጭማቂ ላይ። ዘንጉ አለ። ሻንሲው ተበይዷል ግን ቀጥ ያለ ነው። በርሜል ጭነን አሸዋው ድረስ ወሰድናት፣ አንዴ ሰመጠች፣ ፎር ዊሉን ሳስገባ እንደ አሮጊት እያቃሰተች ወጣች። አጭር ናት፣ ግራሮቹ መሃል ትዞራለች። ቀለሟ ምን እንደሆነ እኔና ዘይነባ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። በሯ በገመድ ነው የሚታሰረው፣ ባትሪዋ ሰነፍ ነው፣ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ነው የማቆማት፣ ተገፍታ እንድትነሳ። ስንገፋት ሰው ሁሉ "አባ ሙሜ፣ ለስፖርት ነው?" ይለኛል። ግን ችግኞቹ ዝናቡን አዩት። ባለፈው ያመጣሁልሽ ማንጎ ከነሱ ነው።

እኔ አላህን ጠየቅኩት፣ እሺ፣ ግን መልሱን ሳልጠብቅ ራሴ መለስኩለት። ነጭ መኪና አምሮኝ ነበር፣ ስትመጣ የሱ ናት አልኩ። መስጊድ በር ላይ መኪና የሚያቆመው ደላላ ነው። ከአላህ የመጣውን ምልክት እኔ በሩቅ ስፈልግ፣ ቤቴ ውስጥ ቆማ "ካሶኒዋ ምን ያህል ከፍ ይላል?" ብላ ጠይቃኝ ነበር።

እንግዲህ ያቺን ፎቶ መልሰሽ አሳዪኝ። ማነው ያ መሬት ላይ ውሃ የሚያመላልሰው፣ ባልሽ ነው?

"ባሌማ ቢሮ ነው የሚውለው፣ አባ። የምንሄደው እኔና አማቴ ነን።"

ኧኸ! ታዲያ ባልሽ ምኑን ይመርጣል?

"እሺ፣ እኔ ራሴ ሄጄ አያታለሁ። ግን ጄሪካን የለኝም።"

(ከጓዳ፦ "የኔን ውሰጂ! ሞልተሽ አንሺ እንጂ ባዶውን እንዳታነሺ። ሽማግሌውንም ውሰጂው፣ ከሥር ይግባልሽ፣ ጀለቢያውን ዛሬ አላጠብኩም!")