ጃንጥላ ለገብርኤል

«ዩኒቨርሲቲው እየከፈለው ልጅዎን ምን አስቸኮለው ጋሼ? ተጫውቶ ዲግሪውን ይያዛ» አለች፣ በዌስተርቪሉ አውቶቡስ ከፊቴ፣ ከሽማግሌው ጎን የተቀመጠችው ሴት።

«ዲግሪ የትም አይሄድም። የፕሮ ባስኬት ቦል ቡድኖች ዘንድሮ ፈልገውታል፤ ከርሞ ጉልበቱን ቢያመውስ?»

«እናቱስ?»

«ሳይመረቅ እንዳይመረጥ ተስላለች። ለገብርኤል፣ ጃንጥላ።»

«እርስዎስ?»

«እንዲመረጥ። እኔም ለገብርኤል፣ ጃንጥላ።»

«ገብርኤልስ በየትም በኩል ጃንጥላ አያጣም። ልጁ ምን አለ?»

«‹ዳድ፣ ሁለታችሁም ስቶፕ አድርጉ› አለኝ። ነገ ይወስናል።»

ሴትዮዋ ለመውረድ ተነሳች።

«የክርስትና ስሙን ይንገሩኝ።»

«ኃይለ ገብርኤል። ምን ሊያደርግልሽ?»

«ከእናቱ ጋር ልሳልለት ነዋ፤ ጃንጥላ» ብላ ወረደች።

በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ፣ እኔ በመስኮቱ ቀና ብዬ ደመና የሌለውን ሰማይ አየሁ።