«መመሪያ እስኪመጣ ዝም በዪ»

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣

ይህን ያህል ሰው ሥራውን ጥሎ እኔን ለመሸኘት ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። አዳራሹን ላዘጋጃችሁ፣ ወንበር ለተሸከማችሁ፣ አበባ ለገዛችሁ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። የሰጣችሁኝ ሻንጣም ቆንጆ ነው። ግን ጡረታ ለወጣ ሰው ሻንጣ መስጠት ምን ማለት ነው? ከአገር ውጪልን ነው?

አጭር ንግግር አድርጊ ተብያለሁ፤ አደርጋለሁ። ጥሩ ጥሩውን ብቻ ተናገሪም ተብያለሁ። እሱን እንኳ እንጃ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ዛሬም ግራ እንደሚገባችሁ አውቃለሁ። የንግድና የአካባቢ ጥበቃ ዲፕሎማት። ዕድሜዬን የፈጀሁት በሁለቱ መሀል ነው። በዓለም አቀፍ ስብሰባ የንግዱ አዳራሽ ገብቼ ስለሚጣልብን አሮጌ ዕቃ ሳነሳ፣ «እመቤቴ፣ ይሄ የአካባቢ ጉዳይ ነው፤ ማዶ ያለው አዳራሽ ይሂዱ» ይሉኛል። ማዶ ስሻገር ደግሞ፣ «ዕቃው በመርከብ ተጭኖ የሚሸጥ አይደል? ታዲያ ንግድ ነው» ብለው ይመልሱኛል። ኮሪደር ላይ ያረጀሁ ዲፕሎማት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ለምዳኝ «ዛሬስ ማን አባረረሽ?» ትለኝ ነበር።

ይሄስ ይሁን፣ ያስቃል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

አሮጌ ፍሪጆች! ሀብታም አገሮች ፍሪጁ ሲያረጅባቸው ማስወገጃው ስለሚከብዳቸው «ገና ይሠራል» ብለው ለእኛ ይልኩታል። መብራቱን ይግጠዋል፤ ሲሞት ደግሞ ጋዙ አየሩን ያበላሸዋል። ወተት የምትሸጠው ታላቅ እህቴ ከነዚህ አንዱን ገዛች። ክረምቱ ሳይወጣ ቀጥ አለ፤ ወተቱ በሙሉ ተበላሸባት። ጠጋኙ ሲመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ቱቦውን በጉጠት ቆረጥ ሲያደርገው ፍስስስ አለ።

«ጋዙ የት ሄደ?» አልኩት።

«ወደ ላይ ነዋ እትዬ፣ የት ይሄዳል?»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ የምትሰበሰቢው ስለዚህ አይደል እንዴ? ታዲያ እዚያ ሄዳችሁ ምንድን ነው የምትሠሩት?»

ምን እንደምንሠራ ለእናንተ ልንገራችሁ። በእነዚያ ስብሰባዎች አንድ ደንብ አለ። ሰብሳቢው «የሚቃወም አለ?» ይላል። ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል ማለት ነው። መዶሻዋን ቋ ያደርጋታል፤ አበቃ። ማንም አሮጌ ዕቃውን ያለ ምርመራ እንዲልክልን የሚፈቅደው አንቀጽ የቀረበ ዕለት፣ ከአዳራሹ ሮጬ ወጥቼ እዚህ ደወልኩ። ስልኩን ያነሡት የዛሬው ዋና ዳይሬክተራችን፣ የያኔው የክፍል ኃላፊዬ ናቸው። አይደል ክቡርነትዎ?

«ጌታዬ፣ አሁን ሊወሰን ነው። ልቃወም?»

«ቆይ እንጂ፣ ምን አጣደፈሽ? መመሪያ እስኪመጣ ዝም በዪ።»

«ዝም ካልኩ እኮ ተስማምታለች ይባላል!»

«ዝም ብለሽ አታውቂም፤ አንድ ቀን ብትሞክሪው ምን አለበት?»

ሞከርኩት። መዶሻዋ ቋ አለች። መመሪያው በሳምንቱ ደረሰኝ፤ «አጥብቀሽ ተቃወሚ» ይላል። ማንን ልቃወም? ባዶ ወንበሮቹን?

ከዚያ ወዲህ ስንት ፍሪጅ ገባ? ከእህቴ ሱቅ ጀርባ ያለው ሜዳ በሞቱ ፍሪጆች ተሞልቷል። ልጆች በሩን እየከፈቱ ድብብቆሽ ይጫወቱባቸዋል። እናቶች «አንዱ ተቆልፎበት ይቀራል!» እያሉ ሲጮሁ ይውላሉ። እህቴን ባየኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል። በእሷ አይደለም፤ በእኛ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ያ አንቀጽ ስንት ዓመት ተለምኖ ሰኞ ዕለት እንደገና ይታያል። ይህ ካመለጠን ደግሞ መቼ እንደሚነሣ የሚያውቅ የለም። በእኔ ቦታ የሚሄደው ይሄ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ባልደረባችን ነው፤ ነገ ይበራል። እጁ ላይ ምን አለ? ቲኬት። መመሪያስ? «እየታየ ነው።» ባለፈው ወር ጠየቅኩ፤ እየታየ ነው። ዛሬ ጠዋት ጠየቅኩ፤ እየታየ ነው። ኧረ በፈጣሪ! የሚያየው ሰው ዓይን የለውም እንዴ?

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣ ከነገ ጀምሮ የምትከለክሉኝ ዕድገትም ሆነ የምትቆጡኝ ቁጣ የለም። ስለዚህ በስብሰባው ደንብ ልጠይቅ። ባልደረባችን ሰኞ የአገራችንን የስም ሰሌዳ አቁሞ ቃል ይጠይቅና «እንቃወማለን፤ አንቀጹ ይሰረዝ» ይበል። ሐሳቤ ይኸው ነው። የሚቃወም አለ?

አትሳቁ፣ የምሬን ነው። የሚቃወም አለ?

ክቡርነትዎ፣ ሰዓት ማየት ተቃውሞ አይደለም። ጉሮሮ መጥረግም አይቆጠርም። ከተቃወሙ ይናገሩ፤ እጠብቃለሁ።

ጥሩ። ማንም አልተቃወመም። ይህ ሁሉ ሰው ምስክር ነው፤ ይኸው ጠረጴዛውን መታሁት፣ ጸድቋል። አንተም መንገደኛው ሰምተሃል አይደል? አደራህን፣ ስልክ ልደውል ብለህ ከአዳራሹ እንዳትወጣ።

በሉ ልመርቃችሁ። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። ጤና አይንሳችሁ። የደከማችሁበትን ሥራ ፍሬ በዓይናችሁ ያሳያችሁ። ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ቢያስቆጡኝም እወድዎታለሁ። ለሁላችሁም «ልናገር?» ስትሉ «ተናገሩ!» የሚል አለቃ ይስጣችሁ።

አሜን በሉ እንጂ! ለዚህም መመሪያ ትጠብቃላችሁ?