አንቀጽ ዐሥራ አራት እና ጉሬዛ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከከተማው ዳር ባለ የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ የነዋሪዎች ኮሚቴ ቢሮ በሆነች ጠባብ ክፍል ውስጥ፤ ቤት ልትከራይ የመጣችው ፋንታነሽ ተከራይ ሁሉ ከመግባቱ በፊት የሚፈርምበትን የመተዳደሪያ ደንብ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፣ ሰብሳቢው አቶ ሽመክት እስክትፈርም ይጠብቃሉ፣ ውሻዋ ጉሬዛ ደጅ ከጥበቃው ወንበር ጋር ታስሯል።

አቶ ሽመክት፦ ኧረ እቴ፣ ፈርሚ ነው ያልኩሽ እንጂ ዳዊት ድገሚ አላልኩሽም።

ፋንታነሽ፦ አንቀጽ ዐሥር ላይ ደርሻለሁ ጋሼ። ትንሽ ይታገሱኝ።

አቶ ሽመክት፦ ስድስት ዓመት ሰብሳቢ ሆኜ ይህን ወረቀት አንብቦ የፈረመ ሰው አላየሁም። አንደኛ ፎቅ ያለው ዶክተር እንኳ ቆሞ ነው የፈረመው።

ፋንታነሽ፦ ዶክተሩ በፈለገ ጊዜ ያነበዋል። እኔ ማንበብ የጀመርኩት አምና ነው፤ ያገኘሁትን አላልፍም።

አቶ ሽመክት፦ አምና?

ፋንታነሽ፦ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ገብቼ። በፊት አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ የፈረምኩት የቤት ኪራይ ውል ላይ «ቤቱ ሲፈለግ በዐሥር ቀን ትለቃለች» የሚል ነበረበት። አከራዬ ሲያነብልኝ ያቺን መስመር ዘለላት። አሁን ቤቱን ሸጦ በዚያችው መስመር እያስወጣኝ ነው። አራት ቀን ቀርቶኛል።

አቶ ሽመክት፦ እንግዲያስ ቶሎ ፈርሚና ዕቃሽን አስጭኚ።

ፋንታነሽ፦ «አንቀጽ ዐሥራ አራት። በግቢውም ሆነ... በቤት ውስጥ... ውሻ ማሳደር... በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?

አቶ ሽመክት፦ አነበብሽው አይደል።

ፋንታነሽ፦ ደላላው «የውሻው ጉዳይ አልቋል፣ ከሰብሳቢው ጋር ተነጋግሬያለሁ» ብሎኛል። ያንን አምኜ ነው በርዎ ላይ አስሬው የገባሁት።

አቶ ሽመክት፦ አልዋሸሽም፣ ተነጋግረናል። አንቺ ትፈርሚያለሽ፣ ውሻሽን ቀስ ብለሽ ታስገቢያለሽ፣ እኔ አላየሁም። አለቀ።

ፋንታነሽ፦ ሲጮኽስ?

አቶ ሽመክት፦ አልሰማሁም።

ፋንታነሽ፦ እርስዎ አላዩም፣ አልሰሙም። ጎረቤትስ?

አቶ ሽመክት፦ ሰው ካመለከተ ያን ጊዜ እናያለን።

ፋንታነሽ፦ ምኑን ነው የምታዩት?

አቶ ሽመክት፦ ያው... ይወጣል።

ፋንታነሽ፦ ማን ያወጣዋል? ወዴት?

አቶ ሽመክት፦ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ጥበቃዎቹ በጆንያ አድርገው...

ፋንታነሽ፦ በጆንያ።

አቶ ሽመክት፦ ለምሳሌ ነው ያልኩት። ደግሞስ ለምን ለዘመድ አትሰጪውም? ደላላው እንደነገረኝ የልጅ እናት ነሽ፣ ቤት ያስፈልግሻል። ውሻን ምን አገባት ከእርሻ ይባላል፤ ፎቅ ላይማ ጭራሽ።

ፋንታነሽ፦ ሰባት ቤት ጠይቄ ሰባቱም ይህንኑ ነው ያሉኝ። አንዷ ሴትዮማ «ልጅም አልቀበል፣ ውሻም አልቀበል» አለችኝ፣ ድመቷን ታቅፋ።

አቶ ሽመክት፦ ታዲያ ሰባት ሰው አንድ ነገር ከነገረሽ አትሰሚም?

ፋንታነሽ፦ ከሰባቱ አንዱም ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጄ ጋ አይገኝም። ዳቦ ቤት ነው የምሠራው፤ ሊጡ አይጠብቀኝም። ሶስና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት እስክትሄድ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻዋን ናት። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው በሩን ሊከፍት ሞከረ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም፣ ጉሬዛ አላስጠጋውማ። ከዚያ ወዲህ ውሻው በሩ ሥር ተጋድሞ ካላየችው አልጋዋ ላይ አትቆይም፤ እኔም ሊጡን ሳቦካ ልቤ እዚያ ነው።

አቶ ሽመክት፦ እዚህ ጥበቃ አለ።

ፋንታነሽ፦ አይቼዋለሁ። ስገባ የቀሰቀሰው ጉሬዛ ነው።

አቶ ሽመክት፦ እሱ እንኳ ትናንት ተረኛ ስለነበር ነው። ይልቅ የግቢውን ንጽሕና አስቢ። ዛሬ ለአንቺ እንስሳ ብንፈቅድ ነገ...

ፋንታነሽ፦ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የታሰረው በግ ነው ወይስ ዓይኔ ነው?

አቶ ሽመክት፦ በግ እንግዳ ነው። ለበዓል ሦስት ቀን ሰንብቶ ወጥ ይሆናል።

ፋንታነሽ፦ የጉሬዛ ጥፋት አለመበላቱ ነዋ።

አቶ ሽመክት፦ ክፍል ስትገቢ ምላስም ያስተምራሉ እንዴ?

ፋንታነሽ፦ ምላሱ የቆየ ነው፤ አዲሱ ፊደሉ ነው። ጋሼ፣ ብዙ አላስቸግርዎትም። «ፋንታነሽ ከነውሻዋ እንድትኖር ተፈቅዶላታል» ብለው አንድ መስመር ይጻፉልኝና አሁኑኑ ልፈርም።

አቶ ሽመክት፦ ቃሌ አይበቃሽም?

ፋንታነሽ፦ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

አቶ ሽመክት፦ ከደንብ ውጭ መጻፍ አልችልም።

ፋንታነሽ፦ ከደንብ ውጭ ማስገባት ግን ይችላሉ።

አቶ ሽመክት፦ ሰው ሁሉ እንዲሁ ተቻችሎ ነው የሚኖረው።

ፋንታነሽ፦ ሲስማማ ነዋ። የተጣላ ቀን ደንቡ ከመሳቢያ ይወጣል። የእኔ ነገር ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል። ሶስና ነቅታ የበሩን ሥር ባዶ ስታገኘው ምን ልበላት? ጋሽ ሽመክት አላዩም ልበላት?

አቶ ሽመክት፦ በቃ አትፈርሚ። ቤቱን የሚፈልግ ሞልቷል፤ ከሰዓት ሁለት ሰው ይመጣል።

ፋንታነሽ፦ እስኪ ልጨርሰው። አንድ ገጽ ነው የቀረኝ።

አቶ ሽመክት፦ መከልከልሽን አንብበሻል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?

ፋንታነሽ፦ እስከ መጨረሻው ሳላይ ተነሥቼ አንዴ ተቃጥያለሁ። «አንቀጽ ሃያ ሁለት። ይህ ደንብ የሚጸናው... በምልዓተ ጉባኤ... ጸድቆ ሲፈረምበት ነው።» ምልዓተ ጉባኤ ምንድን ነው?

አቶ ሽመክት፦ ከነዋሪው ከግማሽ በላይ ሲሰበሰብ ነው።

ፋንታነሽ፦ «ስም... ፊርማ... ቀን...» ጋሼ፣ እዚህ ምንም የለም እኮ።

አቶ ሽመክት፦ የት?

ፋንታነሽ፦ ከታች። ባዶ መስመር ብቻ ነው ያለው።

አቶ ሽመክት፦ እሱ... ገና ይሞላል።

ፋንታነሽ፦ መቼ?

አቶ ሽመክት፦ ሲሰበሰቡ ነዋ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠራኋቸው። ማስታወቂያ ለጠፍኩ፣ በር አንኳኳሁ፣ ለስላሳ አለ ብዬ ዋሸሁ። ከዘጠና ስድስት ቤት ዐሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ከዐሥራ አንዱም ሁለቱ ለቅሶ መስሏቸው ነው።

ፋንታነሽ፦ ስለዚህ አንቀጽ ዐሥራ አራት አልጸደቀም።

አቶ ሽመክት፦ ድምፅሽን ቀንሺ።

ፋንታነሽ፦ ቀነስኩ። አልጸደቀም።

አቶ ሽመክት፦ ምኑም አልጸደቀም። ደንቡ ካልጸደቀ ማኅበሩ ማኅተም አያገኝም፣ ማኅተም ከሌለን የውሃ ፓምፕ የሚተክልልን የለም። አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። በዚህ ጉልበቴ በየጠዋቱ ጀሪካን እጎትታለሁ፤ ደረጃው ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «ሰብሳቢ፣ ውሃው መቼ ነው?» እያለ ያልፈኛል። አሁን ደስ አለሽ? ክልከላ የለም። ሂጂ ውሻሽን አስገቢ።

ፋንታነሽ፦ ምኑ ደስ ይለኛል። ክልከላው ካልጸና ፈቃዱም አይጸናም። ቀድሞ የጮኸ ሰው ነው የሚፈርድብኝ።

አቶ ሽመክት፦ ታዲያ ምን ላድርግሽ? ደንብ ቢኖር ታለቅሻለሽ፣ ባይኖር ታለቅሻለሽ።

ፋንታነሽ፦ ስብሰባ ይጥሩ።

አቶ ሽመክት፦ አሁን ምን አልኩሽ? ለውሃ ያልመጣ ሰው ለምን ይመጣል?

ፋንታነሽ፦ የሚመጣው እሑድ ሳምንት ብለው ይለጥፉ። ስለ ውሃ አይጻፉ፣ ስለ ደንብም አይጻፉ። «አንዲት ሴት ከነውሻዋ ልትገባ ስለሆነ ነዋሪው ተሰብስቦ እንዲወስን» ብለው ይጻፉ።

አቶ ሽመክት፦ ለውሻ ብለው?

ፋንታነሽ፦ ለመቃወም የማይመጣ ካለ ይንገሩኝ።

አቶ ሽመክት፦ ይመጣሉ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ተዋበች ብቻዋን አንድ ደረጃ ሙሉ ሰው ትነዳለች። የታመመውም ተደግፎ ይመጣል።

ፋንታነሽ፦ ከሞሉ በኋላ በሩን ይዝጉና መጀመሪያ የፓምፑን ነገር ያስጨርሱ።

አቶ ሽመክት፦ አንቺስ? ሲጨርሱ ወደ አንቺ ይዞራሉ እኮ። አንቀጽ ዐሥራ አራት ያን ዕለት ቢጸድቅ ውሻሽ በሕግ ይባረራል። ተከራይ ነሽ፣ ድምፅ የለሽም።

ፋንታነሽ፦ ድምፅ የለኝም፤ አፍ ግን አለኝ። ሶስናን ይዤ ፊታቸው እቆማለሁ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጄን ማን እንደሚጠብቅልኝ እጠይቃቸዋለሁ። እሷን እያየ እጁን የሚያወጣ ካለ ያውጣ።

አቶ ሽመክት፦ ቢያወጡስ? ሰው እኮ ክፉ ነው።

ፋንታነሽ፦ እፈራለሁ ጋሼ። ግን ቢያባርሩኝም በቀን፣ ሰው እየሰማ፣ በቃለ ጉባኤ ይሁን። እስከዚያ ድረስ ጉሬዛ እንደሚቆይ ብቻ ይጻፉልኝ።

አቶ ሽመክት፦ «እስከ ጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ድረስ...» እንዲህ ብዬ?

ፋንታነሽ፦ እንዲሁ ብለው። ስሜንም ከነአባቴ ይጻፉት። ከዚያ አነበዋለሁ።

አቶ ሽመክት፦ ታነቢያለሽ፣ ማን ከለከለሽ። እንቺ፣ ይኸው። ማስታወቂያውንም እዚሁ ልጻፈው፣ ነገ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እንዲያዩት። እቴ፣ ውሻሽ ትልቅ ነው?

ፋንታነሽ፦ መካከለኛ ነው።

አቶ ሽመክት፦ «ግዙፍ ውሻ» ብዬ እጽፋለሁ፤ መካከለኛ ካልኩ ምልዓተ ጉባኤው አይሞላም።