አቶ ግዛው ለአለቃቸው የሰጡት መልስ

ሚሌኒየማችንን ባከበርን በማግስቱ ዓመት፣ በረዶው ሲጠና፣ በስደት በምንኖርበት በፈረንጅ አገር፣ አመሩድ በሚባል ባቡር ጣቢያ ላይ አቶ ግዛውን አገኘኋቸው። እኚህ ሰው የአንድ ረጅም ሕንጻ ቫክትሜስተር ናቸው፤ ደረጃውን ይጠርጋሉ፣ የተሰበረውን ይጠግናሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ስማቸው በክፉ ተነሥቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ፊታቸው ጠቁሮ፣ የሕንጻውን ወርኃዊ ጋዜጣ በእጃቸው ጨምድደውት ነበር።

አብራኝ የነበረችው የእህቴ ልጅ ሠናይት፣ እዚሁ የተወለደች የሕግ ተማሪ፣ ተቀብላ አነበበችው። አለቃቸው «አሮጊቷ ነዋሪያችን አዳልጧቸው የወደቁት ቫክትሜስተሩ በበረዶው ላይ አሸዋ ስላልበተነ ነው» ብሎ ጽፏል።

«አሸዋ አልቋል ብዬ ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄዋለሁ» አሉ። «ዝም ያለው እሱ! አሁን ነዋሪው ሁሉ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።»

«ታዲያ ምን አሰቡ?» አልኳቸው።

«እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ሽማግሌ ይዤ ቤቱ እሄዳለሁ።»

ሠናይት ሳቋ አመለጣት። «ናይ፣ አይሆንም ጋሼ! ሼፉ፣ አለቃህ ማለቴ ነው፣ ባለነጠላ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቢያይ ፖሊስ ነው የሚጠራው። ለምን እዚሁ ጋዜጣ ላይ መልስ አትጽፍም?»

«አንተ» ስላለቻቸው ገላመጥኳት፤ እሳቸውን ያስቆጣቸው ግን ሌላው ነበር።

«ሽምግልና ያስቅሻል? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሼፉ ንጉሥ አይደለም። ሽምግልናም ጥሩ ነው፣ ነገሩ በሁለት ሰው መሐል ሲሆን። ይሄ መቶ ሃያ ቤት ገብቷል፤ ሽማግሌዎቹ ስንቱን በር ሊያንኳኩ ነው?»

«ቢያባርረኝስ?»

«እውነት ስለጻፍክ? አይችልም፣ የሠራተኛ ማኅበሩ አለ። ዝም ካልክ ግን ጥፋቱን ያመንክ ይመስላል። የደብዳቤዎቹ ቅጂ አለህ?»

አቶ ግዛው ቀና አሉ። «ያ፣ እንዴታ! በአገሬ አሥራ አራት ዓመት የመዝገብ ቤት ሹም ነበርኩ፤ ቅጂ ሳላስቀር ወረቀት ከእጄ አይወጣም!»

በንዴት ጦፍኩ። ይህን ያህል ዘመን መዝገብ ያገላበጠ ሰው እንዴት ወረቀት ይፈራል? ይህንኑ ስነግራቸው ወደ ሠናይት ዞረው «ነይ ልጄ፣ እኔ ልናገር፣ አንቺ በቋንቋቸው ጻፊልኝ» አሏት።

መልሱ ከሦስቱ ደብዳቤዎች ጋር በሚቀጥለው ወር ጋዜጣ ላይ ወጣ። አለቃው ከሥሩ ስህተቱን አምኖ ይቅርታ ጻፈ፤ በየመግቢያውም የአሸዋ ሣጥን ቆመ። የወደቁት አሮጊት በምርኩዝ ወርደው በሰው ሁሉ ፊት ጨበጧቸው። የዚያን ቀን አቶ ግዛው «ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ እኔም ኮርቻለሁ።

ዛሬ ያገራችን ሰው ከአለቃው ሲጋጭ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ከወንበራቸው ሳይነሡ እጃቸውን ይዘረጋሉ፦

«ሽማግሌው ይቆይ። መጀመሪያ ቅጂውን አሳየኝ።»